የጦርና የሙከራ አውሮፕላኖችን በዓይን መለየት፦ ለጀማሪ አፍቃሪዎች

የአውሮፕላን ፍቅር የያዘው ሰው ከሩቅ ያስታውቃል። ጨዋታ መሀል የሞተር ድምፅ ከሰማ የጀመረውን ሳይጨርስ ቀና ይላል። የጦርና የሙከራ አውሮፕላን አፍቃሪዎች ደግሞ ይብሳሉ። ማየት ብቻ አይበቃቸውም። ዓይነቱ ምንድን ነው? የትኛው ሞዴል ነው? ጅራቱ ለምን እንዲህ ሆነ? ይህን ካላወቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ይህ መመሪያ ወደዚህ ሰፈር አዲስ ለሚገባ ሰው ነው። ምህንድስና መማር አያስፈልግም። ውድ ዕቃም ግድ አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ ልማድ ነው፦ መጀመሪያ ያዩትን መናገር፣ ስሙን ከዚያ በኋላ መጥራት። አብዛኛው ጀማሪ የሚያደርገው ግልባጩን ነው። ስሙን በስሜት ይጠራና ከዚያ ማስረጃ ፍለጋ ይገባል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ይህን ልማድ ለማስያዝ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ደረጃ 1፦ ከአንድ ጥግ ጀምሩ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ድርብ ክንፎች እስከ ዛሬዎቹ ስቴልዝ (ከራዳር የሚሰወሩ) ጄቶች ድረስ ሁሉን ባንዴ ልያዝ ያለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል።

ሁለት መግቢያ እመክራለሁ። አንደኛው ዛሬ የሚበሩት ተዋጊ ጄቶች ናቸው። አሥር አሥራ አምስቱን በደንብ ካወቃችሁ በአየር ትርኢት ላይ አትጠፉም። ሁለተኛው ከ1947 እስከ 1968 የበረሩት የአሜሪካ የሙከራ አውሮፕላኖች ናቸው። በ1947 ቸክ ዬገር በቤል ኤክስ-1 ከድምፅ ፍጥነት አለፈ፤ ማክ 1.06 ነበር (ማክ 1 የድምፅ ፍጥነት ማለት ነው)። በ1967 ፒት ናይት በኤክስ-15 ማክ 6.7 ደረሰ። መሀላቸው 20 ዓመት ብቻ ነው። እኔ ብጠየቅ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 2፦ በቅደም ተከተል እዩ፤ ክንፍ፣ ሞተር፣ አካል፣ ጅራት

ይህን ቅደም ተከተል የፈጠረው በትርፍ ጊዜው የሚዝናና ሰው አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፀረ አውሮፕላን ተኳሾችና የሰማይ ተመልካቾች የወገንን ከጠላት ለመለየት የተማሩት ዘዴ ነው። እዚያ ስህተት ማለት የራስን ሰው መትቶ መጣል ነበር። እኛ ዘንድ ቢበዛ ጓደኛ ፊት ማፈር ነው። ዘዴው ግን ዛሬም ይሠራል።

ክንፉን ስታዩ እነዚህን ጠይቁ። ቀጥ ያለ ነው? ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው? ሦስት ማዕዘን፣ ማለትም ዴልታ ነው? ከአካሉ የተያያዘው ከላይ ነው፣ ከመሀል ወይስ ከታች? ከዋናው ክንፍ ፊት ካናርድ የሚባለው ትንሽ ክንፍ አለ?

ሞተሩ ላይ ስንት እንደሆነና የት እንዳለ እዩ። ለጄት ደግሞ አየር የሚገባበት አፍ ትልቅ ምስክር ነው። ከጎን ነው? ከሆድ ሥር ነው? ቅርጹ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ከኋላ እሳት የሚወጣበትንም አትርሱ።

አካሉ ላይ አፍንጫው ሹል ነው ወይስ ደብዛዛ፣ ኮክፒቱ፣ ማለትም አብራሪው የሚቀመጥበት፣ የአንድ ሰው ነው ወይስ የሁለት የሚለውን ያዙ። ጅራቱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው አንድ ነው ወይስ ሁለት፣ ወደ ውጭ ያጋደለ ነው ወይስ አይደለም፣ አግድም ጅራትስ አለው ወይ የሚለውን።

አሁን እንሞክረው። ዩሮፋይተር ታይፉን፣ ራፋል እና ግሪፐን ሦስቱም ዴልታ ክንፍና ካናርድ አላቸው፣ የቆመ ጅራታቸውም አንድ ነው። ጀማሪን ሁሉ ያምታታሉ። መለያቸው ሞተርና የአየር አፍ ነው። ግሪፐን አንድ ሞተር ብቻ ነው ያለው፤ አየር የሚያስገባው ከግራና ከቀኝ ነው። ታይፉን ባለ ሁለት ሞተር ሆኖ አፉ ከሆዱ ሥር ነው፤ የታችኛው ከንፈር ጎበጥ ስላለ ከፊት ሲያዩት ፈገግ ያለ ይመስላል። ካናርዶቹም ከዋናው ክንፍ ርቀው ኮክፒቱ አካባቢ ናቸው። ራፋልም ባለ ሁለት ሞተር ነው፤ አፎቹ ግን በጎንና በጎን ተለያይተዋል፣ ካናርዶቹም ወደ ክንፉ ተጠግተዋል። አፍንጫው ላይ በአየር ላይ ነዳጅ የሚቀዳበት ቱቦ ተገትሮ ካያችሁ ደግሞ ነገሩ አለቀ። የታይፉን ቱቦ የሚታጠፍ ነው፣ የራፋል ግን ሁልጊዜ እንደቆመ ነው።

ኤፍ-22 እና ኤፍ-35ም ከፊት ሲታዩ ቁርጥ ወንድማማች ናቸው። ከኋላ ሂዱባቸው። ኤፍ-22 ሁለት ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ማስወጫ አለው። ኤፍ-35 አንድ ክብ ማስወጫ ብቻ ነው ያለው።

ከበድ የሚለው የሚግ-29 እና የሱ-27 ነገር ነው። ሁለቱም ባለ ሁለት ሞተር፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ቋሚ ጅራት፣ የሞተሮቹ አቀማመጥም አንድ ዓይነት። ያው የአንድ አገር ልጆች ናቸው። መጠናቸው ይለያያል፤ ሱ-27 ወደ 22 ሜትር ይረዝማል፣ ሚግ-29 17 ሜትር ገደማ ነው። ግን ብቻውን ሰማይ ላይ ያለን ነገር መጠን በዓይን መገመት ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሞተሮች መሀል ተመልከቱ። ሱ-27 መሀል ላይ ወደ ኋላ የወጣ ረጅም ዘንግ አለው። ሚግ-29 የለውም። መሬት ላይ ቆሞ ካገኛችሁት ሌላም አለ፦ የመጀመሪያዎቹ የሚግ-29 ሞዴሎች ሞተር አስነስተው ሲንደረደሩ ዋናውን የአየር አፍ በመዝጊያ ይደፍኑታል። ጠጠርና ቆሻሻ እንዳይገባ ነው። አየሩን የሚስቡት ከክንፉ ሥር መሠረት፣ ከላይ በኩል ባሉ ክፍተቶች ነው። አንዴ ካወቃችሁት ዓይናችሁ ሁልጊዜ እዚያ ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ ጥላውን ተለማመዱ

ሰማይ ላይ ቀለም አይታይም። ከጀርባው ብርሃን ስላለ አውሮፕላኑ ጥቁር ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በሚያማምሩ ፎቶዎች ብቻ የተማረ ሰው ሜዳ ላይ ሲወጣ ግራ ይገባዋል።

የጦርነቱ ዘመን ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለሥልጠና የሚሆኑ 500,000 የአውሮፕላን ሞዴሎች ፈለገ። የሠሩለት የትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። ሞዴሎቹ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሱና ጥቁር የተቀቡ ነበሩ። በዚህ መጠን የተሠራን ሞዴል 10 ሜትር ርቀት ላይ አድርጎ ማየት እውነተኛውን ከ720 ሜትር እንደማየት ነው። ዛሬም የሞዴል ሠሪዎች ዋነኛ መጠን 1 ለ72 ነው።

እናንተ ይህን አድርጉ። የአሥር አውሮፕላኖችን ጥላ ከፊት፣ ከጎንና ከሥር ሰብስቡ። ስማቸውን ሸፍኑ። ስም ከመጥራታችሁ በፊት ግን ጮክ ብላችሁ ግለጹት፦ «ዴልታ ክንፍ፣ አንድ ሞተር፣ ካናርድ፣ አንድ ጅራት።» ከዚያ ገጹን ዝጉና በእርሳስ ሣሉት። ሥዕል አልችልም ማለት አይሠራም። የሚፈለገው ውበት አይደለም። እጃችሁ የቆመበት ቦታ ዓይናችሁ ያላየው ቦታ ነው።

ደረጃ 4፦ ስሙን አንብቡ

የአሜሪካ ስያሜ ከ1962 ወዲህ አንድ ወጥ ነው። ከዚያ በፊት አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉ የየራሳቸው አጠራር ነበራቸው። አንዱን አውሮፕላን ባሕር ኃይሉ ኤፍ4ኤች፣ አየር ኃይሉ ኤፍ-110 ይሉት ነበር። ከተስማሙ በኋላ ኤፍ-4 ፋንተም ሆነ።

አነባበቡ ቀላል ነው። ከሰረዙ አጠገብ ያለችው ፊደል ዋናውን ሥራ ትናገራለች። ኤፍ ተዋጊ፣ ቢ ቦምብ ጣይ፣ ሲ ጭነት ጫኝ፣ ቲ ማሠልጠኛ፣ ኤች ሄሊኮፕተር፣ ኪው ሰው አልባ። ከፊቷ የምትጨመረው ፊደል ሥራውን ታስተካክላለች። ኬሲ-135 ከጭነት አውሮፕላን ወገን ሆኖ በአየር ላይ ነዳጅ የሚያድል ነው። ለኛ ወሳኞቹ ሁለት ናቸው፦ ኤክስ ማለት ለምርምር የተሠራ፣ ዋይ ማለት ደግሞ ለምርት የታሰበ የመጀመሪያ ናሙና። ስለዚህ ዋይኤፍ-22 የኤፍ-22 ታላቅ ወንድም ነው።

ሕጉ ይፈርሳል፤ አትደንግጡ። ኤፍ-117 ተዋጊ ይባል እንጂ ሥራው ቦምብ መጣል ብቻ ነበር። ኤፍ-35 በተራው ቢሄድ 24 ቁጥር ይደርሰው ነበር። የሙከራውን የኤክስ-35 ቁጥር ይዞ ቀረ።

የሶቪየትና የሩሲያ ስሞች የሚነሱት ከንድፍ ቢሮው ነው፤ ሚግ፣ ሱ፣ ቱ፣ ያክ፣ ኢል። ከዚህ ጎን ኔቶ የሰጣቸው ቅጽል ስሞች አሉ። በኤፍ የሚጀምር ተዋጊ ነው፤ ፉልክረም ሚግ-29 ነው፣ ፍላንከር ሱ-27። በቢ የሚጀምር ቦምብ ጣይ ነው። አንድ ክፍለ ቃል ያለው ባለ ፕሮፔለር፣ ሁለት ያለው ጄት ነው። ቱ-95 «ቤር» የተባለው ፕሮፔለር ስላለው ነው።

ደረጃ 5፦ ጅራት ላይ ያለውን ቁጥር አትለፉት

ዓይነቱን መለየት አንድ ነገር ነው። ያችኑ አንዷን አውሮፕላን ከእህቶቿ መለየት ሌላ ነው። እዚህ ላይ ነው አፍቃሪና ተመልካች የሚለያዩት።

የአሜሪካ አየር ኃይል ቁጥር የሚጀምረው በጀቱ በተያዘበት ዓመት ነው። የመጨረሻዋ ኤፍ-22 ቁጥሯ 09-4195 ነው። በ2009 በጀት ተይዞላት የተረከቧት ግን በ2012 ነው። ስለዚህ የፊተኛውን ቁጥር የተሠራችበት ዓመት ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ። ጅራቷ ላይ «ኢ» እና «ዲ» የሚሉ ትልልቅ የላቲን ፊደላት ካያችሁ ደግሞ ካሊፎርኒያ ካለው የኤድዋርድስ የሙከራ ጦር ሰፈር ናት ማለት ነው። ይሄ ለሙከራ አፍቃሪ ሠርግና ምላሽ ነው።

አንዳንዴ ቁጥሩ ራሱ ያጨቃጭቃል። በዋሽንግተን አቅራቢያ ባለው የስሚዝሶኒያን ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል የቆመችው የስለላ አውሮፕላን ኤስአር-71 ጅራቷ ላይ የተጻፈው 17972 ነው። አንዳንዱ መዝገብ 61-7972 ይላታል፣ ሌላው 64-17972። ሁለቱም ከጅራቷ ጽሑፍ ጋር ይገጥማሉ። በማስታወሻችሁ ላይ መስፈር ያለበት ዓይናችሁ ያየው 17972 ነው። ትርጓሜው በሌላ መስመር ይግባ። ይህችው አውሮፕላን ማርች 6 ቀን 1990 ከሎስ አንጀለስ ዋሽንግተን በ64 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገብታለች። ቁጥሯን ካልያዛችሁ ይህን ታሪክ ከእሷ ጋር ማገናኘት አትችሉም።

ደረጃ 6፦ የሙከራ አውሮፕላንን ከሁኔታው ለዩ

ሙከራ ላይ ያለ አውሮፕላን ዩኒፎርም አለው ማለት ይቻላል። አፍንጫው ላይ ረጅም ቀጭን ዘንግ ይወጣለታል። አካሉ ያላወከውን ንጹሕ አየር ቀድሞ የሚለካ ነው፤ ፍጥነትንና አንግልን በትክክል የሚነግረው እሱ ነው። ጎኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ምልክቶች ይደረግበታል፤ በካሜራ ሲከታተሉት መለኪያ እንዲሆን። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቀለም ካለው ከሩቅ እንዲታይ ነው፤ ኤክስ-1 ብርቱካናማ የነበረውም ለዚሁ ነው። ጅራቱ ሥር ሳጥን መሳይ ነገር ከተገጠመለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ፓራሹት ነው። አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ወጥቶ መሽከርከር ከጀመረ ተዘርግቶ ያስተካክለዋል።

ይህችን ነጥብ በተግባር እንያት። ግረማን ኤክስ-29 ሁለት ብቻ ነው የተሠራው። ክንፉ ወደ ፊት ያዘነበለ ስለሆነ ማንም ያየው አይረሳውም። ግን ከሁለቱ የትኛው ነው? ሁለተኛው አፍንጫውን በጣም ቀና አድርጎ ለመብረር ሙከራ ስለተመደበ ፓራሹቱ ጅራቱ ላይ አለ። የመጀመሪያው የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ደስ ይላል።

ቀጥላችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። የኤክስ-29 አፍንጫና ኮክፒት ከኤፍ-5 የተወሰደ ነው። ዋናው ጎማው ከኤፍ-16 ነው። ሰዎቹ ሊመረምሩ የፈለጉት ክንፉን ነው፤ ሌላውን ከሌላ አምጥተው ገጠሙት። ወደ ፊት ያዘነበለ ክንፍ በፍጥነት ላይ ጫፉ እየተጠማዘዘ ራሱን ሊሰብር ይፈልጋል። ለዚህ ነው ሐሳቡ ቀደም ብሎ እያለ ኤክስ-29 በ1984 ብቻ ሊበር የቻለው፤ መጠማዘዙን የሚቋቋም የካርቦን ውህድ ያስፈልግ ነበር። አውሮፕላኑም በተፈጥሮው ያልተረጋጋ ስለነበር ኮምፒውተሩ በሰከንድ 40 ጊዜ ያስተካክለው ነበር።

የሙከራ አውሮፕላኖችን የምወድበት ምክንያት ይኸው ነው። እያንዳንዱ የተሠራው አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው። ስለዚህ ስለ አንዱ ስታነቡ ፍጥነቱንና ርዝመቱን ከመገልበጣችሁ በፊት አንድ መስመር ጻፉ፦ «ጥያቄው ምን ነበር?» ኤክስ-1፦ ከድምፅ ፍጥነት በላይ አውሮፕላን መቆጣጠር ይቻላል? ኤክስ-15፦ ከማክ 5 በላይና ከከባቢ አየር ውጭ ሰው አብርሮ ይመለሳል? በ199 በረራ መለሱት፤ ጆ ዎከር በ1963 ወደ 108 ኪሎ ሜትር ወጥቷል። ዋጋውም ቀላል አልነበረም፤ ማይክል አዳምስ በ1967 በሦስተኛዋ ኤክስ-15 ሕይወቱ አልፏል።

ናሙናና የመጨረሻ ምርትንም አነጻጽሩ። ዋይኤፍ-22 እና ኤፍ-22 አንድ የሚመስሉት ለቸኮለ ሰው ነው። በናሙናው የክንፉ ፊት 48 ዲግሪ ያዘነብላል፣ በምርቱ 42። የቆሙት ጅራቶች አንሰዋል። ኮክፒቱ ወደ ፊት ተጠግቷል። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጡና ልዩነቱን ቁጠሩ፤ ጥሩ መልመጃ ነው።

ደረጃ 7፦ ያያችሁትና የገመታችሁት በየራሱ ይቀመጥ

ደብተራችሁን በመሀል መስመር ክፈሉት። ግራው ያየሁት፣ ቀኙ የገመትኩት። ይህ ክፍፍል ምን ያህል እንደሚጠቅም ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

ሚግ-25 በ1967 ሞስኮ አቅራቢያ በአየር ትርኢት ሲታይ የምዕራብ ባለሙያዎች ክንፉን አይተው ተጨነቁ። ትልቅ ክንፍ አለው፣ ግዙፍ ሞተር አለው፤ ስለዚህ ፈጣንም ተገለባባጭም ነው አሉ። በ1976 ቪክቶር ቤሌንኮ አንዱን ይዞ ጃፓን፣ ሃኮዳቴ ላይ አረፈ። ተፈታ፣ ተመረመረ። አብዛኛው አካሉ ብረት ሆኖ ተገኘ፤ ራዳሩ በቫኩም ቱቦ ይሠራ ነበር። ክንፉ የሰፋው ለመገለባበጥ ሳይሆን ያንን ክብደት ለመሸከም ነው። በቀጥታ ለመሮጥ የተሠራ ነበር። ያዩት ትክክል ነበር። ክንፉ ትልቅ ነው። ግምቱ ነው የሳተው።

ሁለተኛው የኛው የአፍቃሪዎች ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ከራዳር የሚሰወር ጄት እንዳላት ሹክሹክታ ነበር። በ1986 ቴስተርስ የተባለው የሞዴል አምራች «ኤፍ-19» ብሎ ሞዴል አወጣ። ክብብ ያለ፣ ለስላሳ፣ የሚያምር ነገር። ኖቬምበር 1988 እውነተኛው ብዥ ባለች አንድ ፎቶ ሲገለጥ ስሙ ኤፍ-117 ነው። ቅርጹም ክብ አልነበረም፤ ከጠፍጣፋ ገጾች የተገጣጠመ፣ ሁሉ ነገሩ ማዕዘን። ጄቱ እንዳለ የገመቱት ልክ ነበሩ። ስሙንና ቅርጹን ግን ማንም ሳያይ ነበር የወሰነው።

በክርክር ላይም ይህን ተጠቀሙ። «ኤፍ-35 ነው» ከማለት «አንድ ክብ ማስወጫ አየሁ» በሉ። ያኔ የሚከራከራችሁ ሰው የሚይዘው ነገር ያገኛል። አለዚያ እልህ መጋባት ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ ውጭ ስትወጡ

ዕቃው ብዙ አይደለም። ባለ 8 ወይም ባለ 10 ማጉያ መነጽር፣ ደብተር፣ ውኃ፣ ኮፍያ። መነጽሩን ወደ ፀሐይ በጭራሽ አታዙሩ፤ ጄት ተከትላችሁ ስታዞሩት ሳታስቡት ይገባል፣ ዓይን ያጠፋል።

ፎቶ ለምታነሡ፦ ጄት ላይ የሹተር ፍጥነቱ 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ባለ ፕሮፔለር ላይ ወደ 1/250 አውርዱት፣ ለሄሊኮፕተር ከዚያም ዝቅ። ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ የቆመበት ፎቶ አውሮፕላኑን ሞተሩ የጠፋ ያስመስለዋል። ወገባችሁን እያዞራችሁ ተከተሉት፤ ከተኮሳችሁም በኋላ መዞራችሁን አታቁሙ።

ለልምምድ የአየር ትርኢትን የሚያክል የለም። የፓሪሱ ለ ቡርዤ በጎዶሎ ዓመት፣ ፋርንቦሮ በሙሉ ዓመት ይካሄዳሉ፤ ለጦር አውሮፕላን ግን እንግሊዝ ፌርፎርድ ላይ የሚደረገው ይበልጣል።

አሁን ዋናው። የጦር ሰፈር አጥር አጠገብ ቆሞ ፎቶ ማንሣት አንዱ አገር ይፈቅዳል፣ ሌላው ያስራል። ኖቬምበር 2001 ግሪክ፣ ካላማታ ላይ 12 እንግሊዛውያንና 2 ሆላንዳውያን አፍቃሪዎች በስለላ ተጠርጥረው ታሰሩ። ለሳምንታት እስር ቤት ቆዩ፣ በ2002 ተፈረደባቸው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ይግባኝ ላይ ነጻ ወጡ። ቁጥር መመዝገብ ለእነሱ ፍቅር ነበር፣ ለፖሊሱ ሌላ። ስለዚህ ሕጉን ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። ክልከላ የሚል ምልክት ካለ አትከራከሩ። ጠባቂ ከመጣ ካሜራውን ዝቅ አድርጉ፣ ያላችሁትን በግልጽ ተናገሩ፣ ተመለሱ።

የአብራሪና የቁጥጥር ማማ ንግግር በሬዲዮ ማዳመጥም እንዲሁ ነው፤ አንዳንድ አገር ክልክል ነው። አውሮፕላኖች ማንነታቸውንና ቦታቸውን በ1090 ሜጋኸርዝ የሚያሠራጩበትን ምልክት የሚያሳዩ መተግበሪያዎች ይጠቅማሉ። የጦር አውሮፕላን ግን ሲፈልግ ያጠፋዋል። ስክሪኑ ባዶ ነው ማለት ሰማዩ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

ደረጃ 9፦ ሙዚየም ውስጥ ከሥር እዩ

ብዙ ሰው ሙዚየም ገብቶ ከፊት ሰልፊ ያነሣና ይወጣል። የሙከራ አውሮፕላን ጎብኚ ከኋላና ከሥር ነው የሚጀምረው።

ኤክስ-15 አጠገብ ከደረሳችሁ፣ አንዷ ዋሽንግተን ሌላዋ ዴይተን፣ ኦሃዮ ናት፣ የቆመውን ጅራት ከኋላ እዩት። የአውሮፕላን ጅራት ወደ ኋላ ሲሄድ ይሳሳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ይሄኛው ይወፍራል፤ ጫፉ እንደ ሽብልቅ ጠፍጣፋ ወፍራም ነው። በዚያ ፍጥነት ስስ ጅራት አቅጣጫ መጠበቅ አይችልም። ከዚያ ጎንበስ በሉ። ከኋላ ጎማ የለም፣ የብረት ሸርተቴ ነው፤ የሚያርፈው ደረቅ ሐይቅ ላይ ነበር። ከሥር ያለው ጅራት ደግሞ መሬት ይነካ ስለነበር ከማረፉ በፊት ግማሹ ይጣል ነበር።

እዚያው ዴይተን የሙከራ ቦምብ ጣይዋ ኤክስቢ-70 ቫልኪሪ አለች። ሁለት ተሠርተው አንዷ በ1966 ከኤፍ-104 ጋር ተጋጭታ ወድቃለች፤ የተረፈችው ይህች ናት። ክንፏ ላይ የማጠፊያውን መስመር ፈልጉ። በበረራ ላይ ጫፎቹ እስከ 65 ዲግሪ ወደ ታች ይታጠፉ ነበር። እንግሊዝ ኮስፎርድ ላይ ደግሞ የእንግሊዞቹ የጦር ጄት ቲኤስአር-2 ቁጥር ኤክስአር220 ቆማለች፤ በ1965 ፕሮግራሙ ሲሰረዝ አንድም ቀን ሳትበር የቀረች። ጎማዋን ስታዩ ይሄ ትዝ ይበላችሁ።

ደረጃ 10፦ መዝግቡ፣ አካፍሉ

ለእያንዳንዱ ፎቶ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የታየ ቁጥር፣ የታየ ልዩ ነገር፣ በመጨረሻ ግምት። በዚህ ቅደም ተከተል። ግምቱ ላይ «ይመስለኛል» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም። ሌላ ሰው ካረመው የእርማቱን ምክንያት ጨምሩበት። ወታደራዊ እንቅስቃሴን በቀጥታ፣ እየሆነ ሳለ ማሠራጨት ግን ይቅር፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ነው። ፎቶው ሁለት ሳምንት ቢቆይ አይበላሽም።

ስሙ ያልተገኘለትን ፎቶ አትሰርዙ። «ያልታወቀ» የሚል ፎልደር ይኑራችሁ። ታሲት ብሉ የተባለው ስቴልዝ ሙከራ ከ1982 እስከ 1985 ድረስ 135 ጊዜ በርሯል፤ ለሕዝብ የታየው በ1996 ነው። ቦይንግ በርድ ኦፍ ፕሬይ በ1996 መብረር ጀምሮ የተገለጠው በ2002 ነው። እንደነዚህ ያለ ነገር ፎልደራችሁ ውስጥ ቢኖር ስሙ ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆማችሁበትን አቅጣጫ ግን ዛሬውኑ ጻፉበት፤ እሱን በኋላ ማንም አይነግራችሁም።